መንገድ የማን ነው?

ሰው መንገድን ያበጀው ከመኪና በፊት ነው። አስቀድሞ እግር ሄደ፤ እግር ደጋግሞ የረገጠው ሣር ጠፋና ዱካ ሆነ፤ ዱካው አህያና በቅሎ ሲመላለሱበት ሰፋና ጎዳና ተባለ። መኪና የመጣው በመጨረሻ ነው። በመጨረሻ የመጣው እንግዳ ግን ዛሬ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ወደ ዳር ገፍቶ ቤቱን ለብቻው ይዞታል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚህ ስለ ተገለበጠው ነገር ነው። የምለውም በአጭሩ ይህ ነው፤ መኪና የማይገባበት፣ ሕፃን በብስክሌቱ፣ ሽማግሌ በምርኩዙ ሳይፈራ የሚሄድበት መንገድ፣ ጠጠርም ቢሆን፣ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውንም መንገድ በእጃችን ይዘን ሳለን ዋጋውን ባለማወቅ ልናጠፋው ነው።

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት ብስክሌት መንዳት ልማዴ ሆኗል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎተራና ወደ ቄራ ብወጣ የሚገጥመኝ ጡሩምባና ጭስ ነው። ወደ ደቡብ ለቡንና ጀሞን አልፌ ወደ ፉሪ ግርጌ ባቀና ግን አስፋልቱ ያልቅና ፒስታው ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ከጎማው በታች የጠጠሩ ድምፅ ይሰማል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል፤ ጭድ የተጫነ አህያና ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች ያጋጥማሉ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሰውን «አካም ቡልተን?» «እንደምን አደሩ?» ይለዋል። በአስፋልቱ ላይ ግን ሰው ሰውን የሚያነጋግረው በጡሩምባ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእኔ የሽማግሌ ደስታ ብቻ ነው እንዳትለኝ፣ ሌላው ዓለም ስለ ጠጠር መንገድ ምን እንደሚያስብ ልንገርህ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር ለጠጠር መንገድ ተብሎ የሚሠራ ብስክሌት ተስፋፍቷል። ጎማው ከአስፋልት መሽቀዳደሚያው ጎማ ይሰፋል፤ ከተራራው ብስክሌት ጎማ ደግሞ ይቀጥናል። ነፋሱም ለስለስ ተደርጎ ስለሚሞላ ጎማው ጠጠሩን ይውጠዋል እንጂ ወደ ነጂው ጀርባ አያስተላልፈውም። ሰዎች ይህንን ብስክሌት ይዘው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ወዳሉት የገጠር አገሮች ይጎርፋሉ፤ ለእንግዳ ማረፊያውም፣ ለመንገድ መሪውም፣ ለምግቡም ገንዘብ ይከፍላሉ። የሚገዙት ነገር ምንድር ነው? መኪና የሌለበት ጸጥ ያለ የጠጠር መንገድ ነው!

በኢጣልያ፣ ቶስካና በሚባለው አውራጃ፣ በሲዬና ከተማ ዙሪያ በወይንና በወይራ ማሳ መካከል የሚያልፉ ነጫጭ የጠጠር መንገዶች አሉ። እነዚህ መንገዶች በአስፋልት ተሸፍነው እንዳይጠፉ ያሰቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥተው በአሮጌ ብስክሌት የሚደረግ «ሌሮይካ» የተባለ ጉዞ ጀመሩ። በ2007 ደግሞ በዚያው አገር «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ማለትም «ነጫጭ መንገዶች» የተባለው የታላላቅ ብስክሌተኞች ውድድር ተቋቋመ። ስፔኖችም ከ1993 ጀምሮ ባቡር የተወውን አሮጌ መደብ ለእግረኛና ለብስክሌት እያዋሉ፣ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ «አረንጓዴ መንገድ» አላቸው። ከትሪየስቴ እስከ ፖሬች 123 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ ጠባብ የባቡር መስመር ነበረ። ባቡሩ ከ1902 እስከ 1935 ሠርቶ ቆመ፤ በአሮጌው መስመር ላይ ግን ዛሬ ብስክሌተኛው ከኢጣልያ ወደ ስሎቬኒያ፣ ከስሎቬኒያም ወደ ክሮኤሽያ ይሻገራል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መደቡ ቀስ እያለ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህም ለሕፃንና ለሽማግሌ ጉልበት ይስማማል።

እነርሱ ሊያድኑት የሚደክሙለት የጠጠር መንገድ ለእኛ የምናፍርበት ነገር ሆኗል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው። አንድ ሰው «ሰፈራችን ገና ፒስታ ነው» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አስፋልት የገባለት ሰፈር ግን ከበሮ ይመታል። አስፋልት አያስፈልግም አላልሁም፤ አምቡላንስ፣ አውቶቡስና የእህል መኪና የሚያልፉበት መንገድ አስፋልት ይሁን። ነገር ግን መንገድ ሁሉ አንድ ዐይነት መሆን ይገባዋልን? በአንድ ቤት ውስጥ ሳሎንም ጓዳም እንዳለ ሁሉ፣ በአንድ አገርም የመኪና መንገድና የሰው መንገድ ለየብቻ ሊኖሩ አይገባምን?

የባቡሩን ነገር ካነሣሁ ዘንድ የእኛንም ልጨምር። ከጅቡቲ የተነሣው የጥንቱ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በአዲስ አበባ በኩል የተሠራለት ጣቢያ እዚሁ በእኛ ወገን በለቡ ነው። አሮጌው ግን በእኛ በኩል ተትቷል። ስፔኖች ከእንዲህ ያለው መደብ ላይ መንገድ አወጡ፤ እኛስ? ከአቃቂ ወዲያ በሜዳው ላይ መደቡ ሳይነካ በቀረበት ስፍራ ሁሉ፣ ገረጋንቲ ደልድሎ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ መኪና እንዳይገባበት ድንጋይ ተክሎ ለሕዝብ መስጠት ከማን ዐቅም በላይ ነው? ዝም ብንል ግን አንዱ ያጥረዋል፤ ሌላው ያርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚያነሡትን ልመልስ። አንደኛው ወገን «ብስክሌት የድሀ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ሁለት ጊዜ ያሳፍራል፤ አንድ ጊዜ ድሀን ስለሚንቅ፣ አንድ ጊዜም ታሪክን ስለማያውቅ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ በኦሊምፒክ አደባባይ የቆመችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ነበረ። ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች አራቱ እነገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ነበሩ፤ ቡድኑም በጎዳናው ውድድር ዘጠነኛ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይም በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። ይህ ሁሉ የድሀ ነገር ከሆነ፣ ድህነት እንዴት ያለ ባለጠግነት ነው!

ለመሆኑ መኪናው ራሱ በማን ጎማ ነው የሚሄደው? እ.ኤ.አ. በ1888 ዳንሎፕ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ የእንስሳት ሐኪም በነፋስ የሚሞላውን ጎማ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው፣ አስቀድሞ ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዲለሰልስ ብሎ ከሠራው በኋላ ነው። በአሜሪካም መንገድ ይስተካከልልን ብለው አስቀድመው ከጮኹት መካከል በ1880 ማኅበር ያቋቋሙት ብስክሌተኞች ነበሩ። ባለመኪናው ለሕፃን ብስክሌት በተፈጠረ ጎማ፣ ብስክሌተኛ በጮኸለት መንገድ ላይ እየሄደ፣ ሕፃኑን በብስክሌቱ እንዳያልፍ ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ወገን «አገራችን ዳገት ናት፤ አየሩም ቀጭን ነው» ይላል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ከአዲስ አበባ ትበልጣለች። ሆኖም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድና በዓል በመጣ ቁጥር መንገዶቿን ለመኪና እየዘጋች፣ ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ትሰጣለች። ዳገቱስ? በእርግጥ ከእንጦጦ ሥር ያለው ወገን ይከብዳል። የእኛ የደቡቡ ወገን ግን ይበልጥ ለጥ ያለ ነው፤ ጉልበት ላነሰውም በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ተሠርቷል። ባሕር ዳር ባስተማርሁባቸው ዓመታት መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም በአንድ መንገድ ላይ በብስክሌት ሲሄዱ አይቻለሁ። ዳገት የሌለበት አገር ሰው ብስክሌት ከነዳ፣ ዳገት ያለበት አገር ሰው ሜዳው ላይ ለምን አይነዳም?

ሦስተኛው ወገን «መስመሩ ቢሠራ ማን ይነዳበታል?» ይላል። ከጀሞ እስከ ለቡ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቶልናል፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባል። አንድ ቀን ግን በዚሁ ወገን ስነዳ በብስክሌቱ መስመር ላይ የቆመች መኪና መንገድ ዘጋችብኝ፤ ባለቤቷም ጎልማሳ ሰው በአጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ እኮ የብስክሌት ነው» አልሁት።

«ጋሼ፣ ታዲያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የት አለና ነው? ከእርስዎ በቀር አላየሁም» አለኝ።

«ልጄ፣ በሬህን ከማሳው ላይ አሳድረህ ቡቃያውን ሲግጥ አድሮ፣ ጧት መጥተህ ይህ መሬት እህል አያበቅልም ትላለህን?» አልሁት።

ሳቀ፤ መኪናውን ግን አላነሣም። እኔም ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ በመኪናው ጎርፍ ዳር አለፍሁ። እኔ ስድሳን ያለፍሁ ሰው መውረድና መግፋት ዐውቃለሁ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ቢሆን ግን ወዴት ይሄድ ነበር? የመኪናው ባለቤት ክፉ ሰው አይመስለኝም። ክፉው ነገር ክፉ ሳይሆኑ ክፉ የሚሠሩበት ልማድ ነው።

አራተኛው ወገን «መንገድ ለብስክሌት ቢሰጥ ሥራ ይስተጓጎላል» ይላል። የማን ሥራ? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ይህን ሁሉ እግረኛ በዳር አጣብቆ ጥቂቱን ባለመኪና በመካከል ማስኬድ ሥራን ማቀላጠፍ ይባላልን? አንዲት መኪና በምትቆምበት ስፍራ ዐሥር ያህል ብስክሌት ይቆማል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ጭሱን ይቀንሳል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ስፍራ ይይዛል፤ ሲገጭም እንደ ሌላው ይገድላል።

ስለ መግደል ካነሣሁ እውነቱን ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚገድለውም ይኸው አደጋ እንደ ሆነ ተናግሯል። በአዲስ አበባም በመንገድ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቁጥሩን ለሚንቅ ሰው ደግሞ ቁጥር ያልሆነውን ልንገረው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባስተማርሁበት ዘመን ሁለት ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመኪና ተገጭተው ሞተውብኛል። በማግሥቱ ስም ጠሪ መዝገቡን ስከፍት ስማቸው በተራው ላይ ነበረ። መዝለል አልቻልሁም፤ መጥራትም አልቻልሁም። ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። «ሥራ ይስተጓጎላል» የሚለኝ ሰው ያችን ጧት ሥራ ምን ያህል እንደ ተስተጓጎለ ይንገረኝ።

የኔዘርላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ላይ ሞተባቸው፤ ከእነዚህም ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተነሡ፤ ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ላይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ታወጁ፤ ሕዝቡም በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ወጣ። ነዳጁ ሲመለስ ግን ያንን እሑድ አልረሱትም፤ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ እየሠሩ እሑድን ወደ ሰኞ አሻገሩት።

እኛም እሑዱን አግኝተናል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም፣ በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሕዝብ እንዲከፈት ተጀመረ። ልጆች በአስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ እናቶች ሳይገላመጡ ሲሄዱ አይተን ደስ አለን። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት የዐሥር ዓመት አገራዊ ስልት ወጣ፤ ለአዲስ አበባም 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር ታሰበ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የተደረገውን አልክድም። ነገር ግን በወር አንድ እሑድ ለሰው የሚሰጥ መንገድ፣ በቀሩት ቀናት ከሰው የተወሰደ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ለባለመብቱ ድርሻውን በምጽዋት መልክ መስጠት ጽድቅ አይባልም።

ለራሴ ወገን ለብስክሌተኞችም የምለው አለኝ፤ ወዳጅን ካልገሠጹት ባላጋራን መገሠጽ ግብዝነት ነውና። ከእኛ መካከል ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ብስክሌት ገዝተው፣ በትልቅ መኪና ጣራ ላይ ጭነው፣ ከመኪና ለመሸሽ በመኪና የሚወጡ አሉ። ከከተማው ሲወጡ የሌላውን ሰፈር ያጨሳሉ፤ ፒስታው ላይ ሲደርሱ «አቤት ንጹሕ አየር!» ይላሉ። እንጨት የተሸከመች እናት ስታጋጥማቸው ደወል እየደወሉ ከመንገድ ያስወጧታል። ይህ ከባለመኪናው ጥፋት በምን ይለያል? የጠጠሩ መንገድ አስቀድሞ የእርሷ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የሸክም አህያን አሳልፎ ያልፋል እንጂ አይገፋም።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድር ነው? ብዙ አይደለም። መጀመሪያ፣ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራው መስመር ለብስክሌት ይቆይ፤ መኪና የሚያቆምበት ሰው በሰው ደጅ እንደ ገባ ሰው ይቆጠር። ሁለተኛ፣ በወር አንዴ የተባለው እሑድ በየሳምንቱ ይሁን፤ በእኛም ክፍለ ከተማ አንድ መንገድ እሑድ እሑድ ይዘጋ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ከለቡና ከጀሞ ወደ ፉሪ፣ ከዚያም ወደ ሰበታ አቅጣጫ ከሚሄዱት ፒስታዎች መካከል የተመረጡት ጠጠር ሆነው ይጠበቁ። ከሰፈሩ ነዋሪና ከአምቡላንስ በቀር መኪና እንዳይገባባቸው በአፋቸው ላይ ምልክትና ድንጋይ ይተከል። በእኛ ወገን ብዙው መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከላይ ገረጋንቲ፣ ከዳር ቦይ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከአስፋልት ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ይህ ቢሆን የሚጠቀመው ብስክሌተኛው ብቻ አይደለም። ተማሪው ሳይፈራ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ገበያተኛዋ አቧራ ሳይለብስባት ትመለሳለች። የሩቁም መንገደኛ በቡታጅራው መንገድ ወደ መልካ ቁንጥሬ፣ የሰው ልጅ የጥንት መኖሪያ ወደ ሆነው በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ስፍራ፣ ከዋናውም መንገድ ተገንጥሎ ወደ አዳዲ ማርያም፣ ከአለት ወደ ተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን፣ እያረፈ ይደርሳል። ቶስካና ወይንና ወይራ ቢኖራት እኛም ጤፍና ሽምብራ አለን። ከወይራውም ቢሆን አላነስንም፤ የእኛው ወይራ በየደብሩ ግቢ ቆሟል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ብስክሌት ግዙልኝ ሲላችሁ «መኪና ይገጭሃል» ብላችሁ ትከለክሉታላችሁ። ክልከላችሁ ከፍቅር ነው፤ አልወቅሳችሁም። ነገር ግን ልጁን በከለከላችሁበት ቃል መኪናውን የከለከላችሁበት ቀን አለን? በየወረዳው ስብሰባ ስለ ውኃና ስለ መብራት እጃችሁን እንደምታነሡ፣ ልጅ ሳይፈራ ስለሚነዳበት መንገድም እጃችሁን አንሡ። በወረዳው ወንበር ላይ የተቀመጣችሁም ሰዎች፣ ነገ በፒስታው ላይ የአስፋልት ማሽን ከመቆሙ በፊት፣ ዛሬ በእግራችሁ ወርዳችሁ እዩት፤ የሚጠበቀውንም ለይታችሁ ምልክቱን ትከሉ።